የቆየ መኪና ፍቅርና ዋጋው

በቅርቡ በአንድ እሑድ፥ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጥተን ወደ ቤታችን ስናመራ፥ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከዋርካው ጥላ ሥር ቆመው ይጠብቁን ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው ግራና ቀኙን ከተመለከቱ በኋላ፥ «መምህር፥ ልጄን ፊደል ያስቆጠሩት እርስዎ ነዎት፤ ዛሬም አንድ ጊዜ ይምከሩልኝ» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው በቆቦ ከተማ እህል እየገዛ የሚሸጥ፥ ታታሪ ወጣት ነው። ለንግድ አዲስ አበባ በሄደ ጊዜ በአንድ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና የቆመች አሮጌ የጀርመን መኪና አየ። ሁለት በር ብቻ ያላት፥ ወደ መሬት ዝቅ ያለች፥ እንደ እሽቅድምድም መኪና የተቀረጸች፥ ካርማን ጊያ የምትባል ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ልቡ ከእርሷ ጋር ቀረ። ዋጋዋን ለመሙላት የንግዱን መነሻ ገንዘብ እኩሌታ ሊያወጣ፥ አባቱ ሲሞቱ የተዉለትንም ጥንድ በሬ ሊሸጥ ቈርጧል። እናቲቱ፥ «እኔ መኪና አልጠላሁም፤ በሬዎቹ ግን አባቱ ናቸው» ብለው ዝም አሉ።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ ሰውን ከመምከር የቀለለ ነገር የለም፤ መካሪው ራሱ በዚያው ጉዳይ ተከሳሽ ሲሆን ግን ምላሱ ይተሳሰራል። በእኛም ግቢ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን አለችና። ስለዚህ እናቲቱን የአንድ ሳምንት ቀጠሮ ለመንናቸው፤ ቤታችንም ገብተን የወጪ ደብተራችንን ከሣጥን አወጣን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ሳምንት ፍሬ ነው። የአንድ ወጣት ጥያቄ የብዙ ቤት ጥያቄ ሊሆን እንደሚችል ስላመንን፥ የራሳችንን ጥፋት ሳንሸሽግ ለአንባብያን ልናቀርበው ወደድን።

የሞተር ድምፅ በራያ ሜዳ

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ፥ ለመኪና የሚሆን መንገድ ባልነበረበት በረሃና ዳገት መኪናውን አዲስ አበባ አደረሰ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተቀመጡባት። እንግዲህ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ መኪና በአገራችን የድካምና የመደነቅ ነገር ነበረች ማለት ነው።

ወደ እኛ ቆላ የደረሰችው ዘግይታ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ አድርጎ፥ ቆቦን አቋርጦ ወደ አላማጣና ወደ መቐለ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ለመኪና እንዲበቃ ሆኖ የተሠራው በጣሊያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። ጠላት ወጣ፤ መንገዱና ቃላቱ ግን ቀሩ። ዛሬ ጋራዥ የገባ ሰው ፍሬን፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ካንዴላ፥ ማርሚታ ሲል በጣሊያኖች ቃል እየተናገረ መሆኑን ከቶ አያስተውልም፤ ጎማ የተነፈሰበትም ባላገር «ጎሚስታ የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ቃሉን የአባቶቹ ያህል ለምዶታል።

እኛ ግን የሞተርን ድምፅ በልባችን የተከልነው በ1977 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበርን። ማሽላው በራያ ሜዳ ላይ ሳያሽት ደርቆ፥ ከብቱ አልቆ፥ ሕዝቡ እህል ይታደልበታል ወደ ተባለው ወደ ኮረም ይጎርፍ ነበር። እህል የጫኑ ከባድ መኪኖች አቧራቸውን እያስነሡ ሲያልፉ እናቶቻችን ከመንገድ ዳር ተቀምጠው ይቆጥሯቸው ነበር። በዚያ ዓመት ለአንድ የመንገድ ዳር ሕፃን የሞተር ድምፅ ማለት እንጀራ ማለት ነበር። ከዚያ ወዲህ የመኪና ድምፅ ስንሰማ ቀና ብለን ሳናይ ያለፍንበት ቀን የለም።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፥ በትምህርት ቤት ሳለን፥ ለቁጥጥር የሚመጣ አንድ የትምህርት ሹም ቮልስዋገን ይነዳ ነበር። ጀርባዋ እንደ ኤሊ የጎበጠ፥ ሞተሯ ከኋላ፥ የዕቃ ማስቀመጫዋ ከፊት ነበር። ከእኛ ጋር ዲቁና የሚማሩት ጓደኞቻችን፥ «ይህች መኪና ፊቷን አዙራ የተፈጠረች ናት» እያሉ ይሥቁ ነበር። እኛ ግን አልሣቅንም፤ በዚያው ቀን አንድ ስእለት የመሰለ ነገር በልባችን አሳደርን።

ፍቅሩ ከምን ይመጣል?

ቮልስዋገን በጀርመንኛ የሕዝብ መኪና ማለት ነው። ንድፏን ያወጣው ፌርዲናንድ ፖርሽ ነው፤ ፋብሪካዋም በ1938 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። በጀርመን፥ በብራዚልና በሜክሲኮ ስትሠራ ኖራ፥ የመጨረሻዋ በሐምሌ ወር 2003 እ.ኤ.አ. ከሜክሲኮ ፋብሪካ ወጣች፤ እስከዚያም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። በአገራችን ታሪክም ስሟ ተጽፏል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። በሮልስ ሮይስ ይሄዱ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት በሕዝብ መኪና ወጡ፤ ያን ቀን ያዩ ሰዎች መኪናዋን ባነሡ ቁጥር ይህን ሳያነሡ አያልፉም።

ወጣቱ የወደዳት መኪናም ከዚህችው ቤት የወጣች ናት። የፖርሽ ስም ዛሬ በዓለም የታወቀው ፈጣን በሆኑ የስፖርት መኪኖች ነው፤ ነገር ግን 356 የተባለችው የመጀመሪያዪቱ የፖርሽ መኪና በ1948 እ.ኤ.አ. ስትጀመር ብዙ ብልቶቿን የተዋሰችው ከድኻዋ ቮልስዋገን ነበር። ካርማን ጊያም እንዲሁ ናት። ከ1955 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ስትሠራ፥ ቅርጿን ያወጣው በጣሊያን በቱሪን ከተማ የነበረው የጊያ ቤት፥ አካሏን የሠራው በጀርመን በኦስናብሩክ ከተማ የነበረው የካርማን ፋብሪካ ሲሆን፥ ሞተሯና የእግሯ መሠረት ግን የቮልስዋገን ነው። ስለዚህ ወጣቱ በአዲስ አበባ ያያት ውብና በእኛ ግቢ ያለችው ጎባጣ እኅትማማቾች ናቸው፤ አንዷ የሐር ቀሚስ ለብሳለች፥ ሌላዋ አቡጀዴ።

ፍቅሩ ከመልክ ብቻ አይመጣም። የዘመኑ መኪና ሲታመም ሐኪሙ ኮምፒዩተር ነው፤ ባለቤቱ ቆሞ ከማየት በቀር አንዳች አያደርግም። የቆየችው መኪና ግን በዓይን የምትታይ፥ በእጅ የምትዳሰስ ናት። ኮፈኖዋ ሲከፈት ቤንዚኑ በየት ገብቶ፥ እሳቱ በየት ተለኩሶ፥ ጢሱ በየት እንደሚወጣ አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሊረዳው ይችላል። እኛም የሳይንስ ትምህርት ስናስተምር ብዙ ጊዜ ተማሪዎቻችንን ወደ ግቢያችን አምጥተን አራቱን ሲሊንደሮች እያሳየን አስረድተናል። በውሃ ሳይሆን በነፋስ የምትቀዘቅዝ ስለ ሆነች ራዲያተር የላትም፤ ውሃ ብርቅ በሆነበት ቆላ ይህ ታላቅ ነገር መስሎን ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ትዝታ ነው። ሰው የቆየ መኪና ሲገዛ ብረት ብቻ አይገዛም፤ በልጅነቱ መንገድ ዳር ቆሞ ያያትን፥ ያልደረሰባትን ነገር ይገዛል። በባሕር ማዶ ያሉ ሰዎችም አሮጌ የእንግሊዝና የጣሊያን የስፖርት መኪኖችን እየገዙ ከደመወዛቸው በላይ የሚያወጡባቸው ከዚህ የተለየ ምክንያት ኖሯቸው አይመስለንም። ሦስተኛውም፥ ለመናገር የሚያሳፍረው፥ መታየት ነው። በቆቦ አደባባይ ስናልፍ ባጃጆቹ ሁሉ መንገድ ሲለቁልን፥ «የመምህሩ መኪና መጣች!» ሲባል፥ ልባችን አልኮራም ብንል ዋሾ እንሆናለን።

ደብተሩ ምን ይላል?

መኪናዪቱን የገዛነው በጥቅምት ወር 2006 ዓ.ም. በ62,000 ብር ነው። ገንዘቡ የሦስት ዓመት እቁብና ከአባታችን የደረሰን ድርሻ ነበር። ባለቤታችን በዚያ ገንዘብ የምትታለብ ላም እንዲገዛና የቤቱ ጣሪያ እንዲታደስ ታስብ ነበር፤ ነገር ግን የልጅነታችንን ነገር ታውቅ ስለ ነበር አልከለከለችንም። «ከገዛህ በኋላ ግን ጻፍ» ብቻ አለችን። ደብተሩ የተጀመረው በዚህ ቃል ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ቆቦ ያለውን 570 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በሦስት ቀን ጨረስነው። በጣርማ በር ብርድ ሞተሩ እየተንተፋተፈ ወጣ፤ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ደግሞ እየዘፈነ ሄደ። ወልድያን አልፈን በጎብዬና በሮቢት በኩል ወርደን የዞብል ተራራ በስተ ምሥራቅ በታየን ጊዜ የተሰማንን ደስታ በብር መገመት አይቻልም። በብር የሚገመተው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የተጻፈው ይህ ነው፦ ለአራት ጎማ 8,400 ብር፤ ለባትሪ 2,300፤ ለፍሬን ዕቃ 3,150፤ ለፍሪሲዮን 2,900፤ ለካርቡሬተር ማደሻ 1,200፤ ለላሜራ ሥራና ለቀለም 11,500፤ ለኤሌክትሪክ ሽቦ 1,750፤ ለቦሎ፥ ለመድንና ለልዩ ልዩ ክፍያ 2,600፤ ለመካኒክ የቀን ዋጋ 4,200። ድምሩ 38,000 ብር ይሆናል። ይህም ከተገዛችበት ዋጋ ከግማሽ በላይ ነው፤ ቤንዚን በዚህ ውስጥ አልገባም። ደግሞም ከ24ቱ ወር ሰባቱን ወር ያህል መኪናዪቱ መለዋወጫ ስትጠብቅ ቆማ ነበር። መለዋወጫ የሚገኘው በአዲስ አበባ፥ በመርካቶ ሶማሌ ተራ ነው፤ የሃያ ብር ጓርኒሲዮን ለማምጣት የሁለት ቀን መንገድ ይኬዳል፤ ወይም የአውቶቡስ ሾፌር ይለመናል፤ ሾፌሩም ያልሆነውን ዕቃ ይዞ ይመጣል።

ቆላውም የራሱን ድርሻ ወስዷል። ራዲያተር የለም ብለን የተደሰትንበት ነገር ሌላ ጌታ እንዳለው የተማርነው ከዋጃ ስንመለስ ነው። በዚህች መኪና ላይ ዲናሞውንና የማቀዝቀዣውን ማራገቢያ የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ብቻ ነው፤ ቺንጋው ሲበጠስ በፊት ለፊት ቀይ መብራት ይበራል፤ ሾፌሩም ያን ጊዜውኑ ካልቆመ ሞተሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል። እኛ መብራቱን አየን፤ «ከተማ ቅርብ ነው» ብለን ነዳን። ያች የሁለት ኪሎ ሜትር ትዕቢት አንድ ፒስቶን አስከፈለችን። የራያ አቧራም የአየር ማጣሪያውን ዘይት በየሳምንቱ ወደ ጭቃ ይለውጠዋል፤ በሌላ አገር በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ የሚለወጠውን የሞተር ዘይት እኛ በየ2,500ው ለመለወጥ ተገደናል።

ያች አንዲት ዓመት

እስከዚህ የተናገርነው የገንዘብ ነገር ነው፤ ገንዘብም ይመለሳል። አሁን የምንጽፈው ግን የማይመለሰውን ነው።

በ2009 ዓ.ም. ካምቢዮው ተሰበረ። በዚያው ክረምት የመጀመሪያ ሴት ልጃችን የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቷን ጨርሳ በደሴ ከተማ በአንድ የግል ኮሌጅ ነርስነት እንድትማር ተቀባይነት አገኘች። በቤት ውስጥ የነበረው ገንዘብ 18,000 ብር ነበር። ካምቢዮውን ለማሠራት የተጠየቅነውም ይኸው 18,000 ብር ነው። እኛም በልባችን እንዲህ ብለን ተሟገትን፦ መኪናዪቱ ብትሠራ በክረምት ሰው እያመላለስን ገንዘቡን እንመልሳለን፤ እስከ መስከረምም ለልጅቷ ይደርሳል። መካኒኩ በነሐሴ እጨርሳለሁ ያለውን በታኅሣሥ ጨረሰ። መስከረም አለፈ። ልጃችን ያን ዓመት ሙሉ ቤት ተቀመጠች፤ ታናናሾቿን እያስጠናች፥ ወጥ እየሠራች፥ አንድ ቀን ስንኳ አላጉረመረመችም። ዝምታዋ ግን በቤታችን ውስጥ እንደ ተጨማሪ ሰው ተቀምጦ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ተበድረን ላክናት። ነገር ግን አንድ አባት የልጁን አንድ ዓመት ለብረት ሰጥቷልና ይህን በደብተሩ ውስጥ በየትኛው መደብ እንደምንጽፈው አላወቅንም። ባለቤታችን ግን አወቀች፤ ከ18,000ው ብር ጎን በራሷ እጅ «አንድ ዓመት» ብላ ጻፈችበት። እስከ ዛሬ አለ።

የመከራ ቀን

ለፍርድ እንዲመች ሌላውንም ወገን መስማት ይገባል። በሐምሌ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ አውቶቡስ አልነበረም፤ ባጃጆቹም ቤንዚን አጥተው ቆመው ነበር። በመኪናችን ውስጥ ዐሥራ ሁለት ሊትር ያህል ነበረ። ባለቤታችንን፥ ሁለቱን ትንንሽ ልጆች፥ አማታችንን፥ አንዲት የጎረቤት አራስ ከነሕፃኗ፥ እንዲሁም አንድ ዐይነ ስውር አባት ጭነን ወጣን። ለአራት ሰው የተሠራችው መኪና ስምንት ነፍስ ይዛ የጎሊናን ወንዝ ተሻገረች፤ ወልድያን አልፋ፥ ቤንዚን እየለመንን፥ ደሴ ገባች። ልጃችንም በዚያ ሆና ተቀበለችን። በዚያች ሌሊት ካምቢዮው ስንት ብር እንደ ወጣበት ማንም አላሰበም።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ መኪናዪቱን በዘመድ ግቢ ትተን በእግርም በመኪናም ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸን። ስንመለስ በድንጋይ ላይ ቆማ አገኘናት፤ ጎማ የላትም፥ ባትሪ የላትም፥ መስተዋቷም ተሰብሯል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ቆቦ ሲመለስም በዚያው ነበረች። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ልንሸጣት ተነሣን። ያን ጊዜ ነርስ ሆና ሥራ የያዘችው ልጃችን ለባትሪው የሚሆን ገንዘብ አምጥታ ሰጠችን። «አባዬ፥ ያን ዓመት አልረሳሁትም፤ ያን ሌሊትም አልረሳሁትም። አሠራት፤ ደብተሩን ግን ከእንግዲህ እማዬ ትያዘው» አለችን። እነሆ፥ ዛሬ ደብተሩ በባለቤታችን እጅ ነው፤ ያለ እርሷ ፈቃድ አንድ ካንዴላ እንኳ አይገዛም።

ሊገዛ ለሚያስብ ሰው

ከዚህ ሁሉ የተማርነውን በአጭሩ እናቅርብ።

በመጀመሪያ፥ የመግዣው ዋጋ የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። የመኪናዋን ዋጋ የያዘ ሰው ሌላ ግማሽ ዋጋ ለብቻው ካላስቀመጠ ገና አልያዘም ብንል አላጋነንም። በተለይም ዛሬ ዘመኑ ከብዷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ መለዋወጫውም ተከትሎት ወጣ። በ2006 ዓ.ም. አራቱን ጎማ በ8,400 ብር ገዝተን ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. አንዱን ብቻ በ9,000 ብር ገዛን። መኪናችን በመቶ ኪሎ ሜትር ዘጠኝ ሊትር ያህል ትጠጣለች፤ በዓመት 4,000 ኪሎ ሜትር ብንሄድ 360 ሊትር ይሆናል። በ2006 ዓ.ም. ሊትሩ 20 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ ይህ 7,200 ብር ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ሊትሩ ከ100 ብር ሲያልፍ ከ36,000 ብር በላይ ሆነ።

«የቆዩ መኪኖች ዋጋ እየጨመረ ነው፤ ይህ ራሱ ቁጠባ ነው» የሚሉ አሉ። የመሸጫው ዋጋ መጨመሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የብሩ አቅም እንደ ቀነሰ፥ በየዓመቱም የወጣባት ገንዘብ እንዳለ አይቈጥሩም። ላም ቆማ ሳለች ትታለባለች፤ መኪና ቆማ ሳለች ትዝጋለች።

ሁለተኛ፥ ቀለሟን ሳይሆን ሥሯን እይ። በቮልስዋገን ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ከአሲዱ የተነሣ በዚያ ያለው ወለል አስቀድሞ ይበላል። ክዳን የሌለው ባትሪ ላይ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ ነክቶት እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ወደ ሞተሩ የሚሄደው የቤንዚን ጎማ ቱቦ ካረጀ ሳይውል ሳያድር ይለወጥ፤ በነዚህ መኪኖች ብዙ ቃጠሎ የሚነሣው ከዚያ ነውና። በሻንሲው ላይ የተቀረጸው ቁጥርና በሊብሬው ላይ የተጻፈው አንድ መሆናቸውም ይመርመር።

ሦስተኛ፥ ልጆች የሚሳፈሩባት ከሆነች፥ ብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ለኋላ ወንበር መታጠቂያ ቀበቶ የላቸውም፤ አስቀድሞ ቀበቶ ይገጠም። እንደ ግራት ካሕሱ ያለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርዱ በፍሬን ብቻ መታመን አይገባም፤ በከባድ ማርሽ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን እንዲይዛት ማድረግ ነው። የጋለ ፍሬን አይይዝምና።

አራተኛ፥ መኪናዋ አገሩን ትመስላለችን? ካርማን ጊያ ለአስፋልት የተሠራች ዝቅተኛ መኪና ናት። በክረምት ሆርማትና ጎሊና ሞልተው አሸዋና ድንጋይ በመንገድ ላይ ሲተዉ፥ ወይም ወደ ገጠሩ ጠጠር መንገድ ስትገባ ሆዷን ትመታለች። ሞተሯ የቮልስዋገን ስለ ሆነ መለዋወጫው አይጠፋም፤ የአካሏ ላሜራ ግን ለብቻው የተሠራ በመሆኑ አንድ ጊዜ ከተጎዳ ምትኩ በቀላሉ አይገኝም፤ ቀጥቅጦ ወደ ቀድሞ መልኩ የሚመልስ የእጅ ባለሙያም ጥቂት ነው።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚበልጠው፥ መኪናዋ በምን ገንዘብ ትገዛለች? ከትርፍ የተገዛች አሮጌ መኪና ደስታ ናት። ከዘር እህል፥ ከእርሻ በሬ፥ ከንግድ መነሻ ወይም ከልጅ ትምህርት የተገዛች ግን፥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት ታደርጋለች። ባልና ሚስት፥ እናትና ልጅ ሳይስማሙ የገባች መኪናም ከነጠባቸው ትገባለች።

የወጣቱ መልስ

ቀጠሮው ሲደርስ ወጣቱን ጠራነው። ምክር አልጀመርንለትም። በቮልስዋገኗ አሳፍረን ወደ ዋጃ ወሰድነው፤ ስንመለስ መሪውን ሰጠነው። ፀሐይ ወደ ምዕራቡ ተራራ ዘንበል ብላ፥ ማሽላው ግራና ቀኝ ታጭዶ ተከምሮ፥ ሞተሩ ከኋላችን እያንጎራጎረ ሳለ ፊቱን አየነው፤ የራሳችን የወጣትነት ፊት ነበር። ቤት ስንደርስ ባለቤታችን ቡና አፈላች፤ ደብተሩንም አምጥታ ከፊቱ አኖረች። አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ አነበበ። «አንድ ዓመት» የሚለው ጽሕፈት ላይ ሲደርስ ጣቱን አቁሞ ቀና አለ፤ ባለቤታችንም ነገረችው።

በመጨረሻ፥ «መምህር፥ ታዲያ እርስዎ ለምን አልሸጧትም?» ብሎ ጠየቀን።

ቶሎ መልስ አላገኘንለትም። «ስምንት ነፍስ አወጣች» ብንለው ግማሽ እውነት ነው፤ ስንገዛት ያን አላሰብንምና። «እንወዳታለን» ብንለውም ከእርሱ በምን እንሻላለን? ስለዚህ እውነቱን ነገርነው። «ዋጋዋን ከፍለን ጨርሰናል፤ የከፈልነው እኛ ብቻ ግን አይደለንም። አንተ ገና አልከፈልህም፤ ስለዚህ ገና መምረጥ ትችላለህ» አልነው። ቡናውን ጠጥቶ፥ አመስግኖ፥ ምንም ሳይናገር ሄደ።

በሚቀጥለው እሑድ እናቲቱ ከዋርካው ሥር አልቆሙም፤ ከሴቶቹ ጋር እየተጫወቱ ሲያልፉ ከሩቅ አጎንብሰው ሰላምታ ሰጡን። በኋላ እንደ ሰማነው ልጁ በሬዎቹን አልሸጠም፤ በንግዱም ገንዘብ ላይ እጁን አላነሣም። ከየወሩ ትርፉ ጥቂት ጥቂት እያነሣ እናቱ ዘንድ ማስቀመጥ ጀምሯል፤ ለመኪና ይሁን ለሌላ፥ ጊዜው ሲደርስ ሁለቱ ተማክረው ይወስናሉ። ያች ውብ መኪና እስከዚያ ድረስ ትቆየው እንደ ሆነ አናውቅም። ወደ መደብሩ ጎራ ያለ ሰው ግን ከእህል ጆንያው በላይ፥ በግድግዳው ላይ፥ ፎቶግራፏ ተለጥፎ ያያል። በሬዎቹም በጎሊና ዳር ያርሳሉ።